ሮለር ደርቢ መጀመር ለምትፈልጉ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሰሞን ባለ ጎማ ጫማ አድርጌ፣ ሄልሜት ደፍቼ የተነሳሁትን ፎቶ ካያችሁ ወዲህ የጥያቄው ብዛት ሌላ ነው። ሲያትል አካባቢ ባለ አንድ አማተር ሊግ (በደርቢ ሊግ የሚባለው ክለቡ ነው) ውስጥ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ተጫውቻለሁ፣ ተሰብሬአለሁ፣ ጀማሪ አሠልጥኛለሁ፣ ነጥብ መዝግቤአለሁ። የምትጠይቁኝን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ።

ጨዋታው ራሱ ምንድን ነው? ኳሱ የታል?

ኳስ የለውም። ነጥብ የምታስቆጥረው በሮለር የምትሮጠው ተጫዋች ራሷ ናት።

ሞላላ ሜዳ አስቡ። ከየቡድኑ አምስት አምስት ሰው ይገባል። አራቱ ብሎከር ይባላሉ፣ አንዷ ጃመር። ጃመሯ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበት ጨርቅ ታጠልቃለች። ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱ ጃመሮች የብሎከሮቹን ግንብ ጥሰው ማለፍ አለባቸው። በመጀመሪያው ማለፍ ነጥብ የለም። ያለ ጥፋት ቀድማ የወጣችው ግን መሪ ጃመር ትሆናለች። ከዚያ ሜዳውን ዞራ ስትመለስ፣ ላለፈችው ለእያንዳንዱ የተቃራኒ ቡድን ብሎከር አንድ አንድ ነጥብ ታገኛለች።

አንዱ ፍልሚያ ጃም ይባላል። ቢበዛ 2 ደቂቃ ነው። መሪዋ ጃመር ግን ሁለት እጇን ዳሌዋ ላይ መታ መታ አድርጋ ቀድማ ልታስቆመው ትችላለች። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። አራት ነጥቧን ትይዛለች፣ ያቺኛዋ ጃመር ልትደርስ ስትል ጃሙን ትዘጋዋለች። 30 ሰከንድ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ እንደገና ይጀመራል። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ነው።

የብሎከሮቹ ሥራ ነው እኔን የማረከኝ። የሌላውን ጃመር እየዘጉ ለራሳቸው ጃመር መንገድ ይከፍታሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በጎማ ላይ ሆነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ታክሲ ተጋፍቶ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚመጣው።

እንደ ነጻ ትግል አስቀድሞ የተዘጋጀ ትያትር ነው ይባላል። እውነት ነው?

የድሮው ትርዒት ይበዛበት ነበር። የአሁኑ እውነተኛ ውድድር ነው።

ደርቢ የተጀመረው በፈረንጆች 1935 ቺካጎ ውስጥ ነው። ሊዮ ሴልትዘር የሚባል ሰው ጀመረው። ያኔ የጽናት ውድድር ነበር፤ ሴትና ወንድ ሆነው ቀናት ሙሉ ይዞሩ ነበር። ተመልካቹን የሳበው ግን ግጭቱ መሆኑ ታየ፤ ጨዋታውም በዚያው ተቀየረ። በኋላ በቴሌቪዥን ገነነ። የሴልትዘር ልጅ ጄሪ በ1973 ድርጅቱን ዘጋው።

የዛሬው ደርቢ የተወለደው በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኦስቲን፣ ቴክሳስ ነው። የቀሰቀሱት ሴቶች ናቸው። እንደ ድሮው ጠርዙ ከፍ ባለ ዘንበል ያለ መድረክ ላይ መጫወት በአብዛኛው ቀረና በማንኛውም ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሆነ። ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ከላዩ ፕላስተር ይለጠፋል፣ በቃ ሜዳ ሆነ። ጨዋታው በዓለም ላይ እንዲህ የተዛመተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሊጎቹ በ2004 ማህበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ዓለም አቀፉ የሴቶች ፍላት ትራክ ደርቢ ማህበር የሚባለው እሱ ነው።

34 ዓመቴ ነው። ሮለር አድርጌ አላውቅም። አልረፈደብኝም?

አልረፈደም እህቴ። እኔ ስጀምር የአዳራሹን ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት።

የጀማሪዎች ሥልጠና የሚጀምረው ከመውደቅ ነው። እንዴት እንደምትወድቂ ትማሪያለሽ። ወደ ፊት፣ በጉልበት መከላከያሽ ላይ፣ ሰውነትሽን ሰብሰብ አድርገሽ። ጣቶችሽን ትጨብጫለሽ፤ ከኋላ የምትመጣው ጎማዋ እንዳይሄድባቸው። ወደ ኋላ በመቀመጫ መውደቅን እንድትተዪ አሠልጣኞች ይጮሁብሻል፣ እውነታቸውን ነው። ቀጥሎ መቆም ነው፣ ቀጥሎ መታጠፍ፣ ቀጥሎ ሰው አጠገብሽ እያለ መሄድ። መጋጨት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ድሮ በ5 ደቂቃ 27 ዙር መዞር የታወቀ ፈተና ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄበት በአራተኛው አለፍኩ። አሁን ብዙ ሊግ ትቶታል። ጥሩ አድርገዋል እላለሁ፤ ስንት ጎበዝ ብሎከር በዚያ ምክንያት ተስፋ ቆርጣ ሄዳለች።

ስንት ብር ይፈልጋል?

መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ብዙ ሊጎች ለጀማሪ የሚያውሱት ዕቃ አላቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ።

ከወደዳችሁት፣ ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያው፣ የጥርስ መከላከያው ተደምሮ አዲስ ሲገዛ ከ300 እስከ 500 ዶላር ሊወስድ ይችላል። ጫማው ሁለት ጎማ ከፊት ሁለት ከኋላ ያለው ነው፤ በአንድ መስመር የተደረደረው አይሆንም። ጫማ ያገለገለ ብትገዙ ችግር የለውም። ሄልሜት ግን በፍጹም። ተመትቶ ውስጡ የተሰነጠቀ ሄልሜት ከላይ ደህና ይመስላል። ካላችሁ ገንዘብ ላይ ደግሞ ጨመር አድርጋችሁ ጥሩ የጉልበት መከላከያ ግዙ። ወርሃዊ መዋጮ እኛ ጋ 50 ዶላር ነው፤ ከሊግ ሊግ ይለያያል። አቅም ላጠራት የሚቀነስበት መንገድ ስላለ አፍራችሁ እንዳትቀሩ። ጠይቁ።

ይሰብራል ይላሉ። እውነቱን ንገሪን።

ይሰብራል። አልዋሻችሁም።

መደባደብ ግን አይደለም። መግፋት የሚፈቀደው በትከሻ፣ በዳሌ፣ በደረት፣ በጭን ነው። ክርን፣ ጭንቅላት፣ ጀርባን መግፋት፣ ከጭን አጋማሽ በታች መምታት ክልክል ነው። ያጠፋች 30 ሰከንድ የቅጣት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ቡድኗ በጎደሎ ይጫወታል። ሰባት ቅጣት ያገኘች ከጨዋታው ትወጣለች።

ሕጉ ተከብሮም ቢሆን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጎዳሉ። ሰውነት ይበልዛል። በጣም የምፈራው የጭንቅላት ምት ነው፤ ከወደቃችሁ በኋላ ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ የዚያን ቀን ጨዋታ አበቃ፣ ሐኪም ጋ ነው። የጤና መድን ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። ሊጉ የሚያስገባችሁ የአደጋ መድን የራሳችሁን አይተካም።

የእኔ ቁርጭምጭሚት የተሰበረው በሁለተኛው ዓመቴ፣ በልምምድ ማብቂያ ላይ፣ በጣም ደክሞኝ እያለ ነው። ሁለት ወር ተኩል በክራንች ሄድኩ። ቤተሰቤ አገር ቤት ነው። የቡድኑ ልጆች ተራ አውጥተው ምግብ ያመጡልኝ ነበር። አንዷ፣ ከዚያ በፊት የሐበሻ ምግብ ቀምሳ የማታውቅ ልጅ፣ እንጀራ የሚሸጥበትን ሱቅ ጠያይቃ ይዛልኝ መጣች። እዚህ አገር ከመጣሁ ጠያቂ የበዛልኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ካላስገባሽኝ አለች። እናት ነኝ፣ እፈራለሁ።

መፍራትዎ ትክክል ነው እናቴ። የልጆች ደርቢ ለብቻው አለ፤ የራሱ ማህበርም አለው፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት። ንክኪው በደረጃ ነው። ጀማሪ ልጅ አትገፋም፣ አትገፈተርም። አንድ ልምምድ ሄደው ዳር ቁጭ ብለው ይዩ። አሠልጣኞቹ የወደቀች ልጅን እንዴት እንደሚያነሱ ካዩ መወሰን አያቅትዎትም።

ወንድ ነኝ። ቦታ አለኝ?

አለህ። የወንዶቹ ማህበር ከፈረንጆች 2007 ጀምሮ አለ፤ ሴትና ወንድ አብረው የሚለማመዱባቸው ሊጎችም አሉ። በአካባቢህ የሴቶች ብቻ ቢሆን እንኳ ዳኛና አሠልጣኝ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

መጫወት አልችልም፣ ጉልበቴ ታማሚ ነው። ግን አብሬያችሁ መሆን እፈልጋለሁ።

ይሄን ጥያቄ ነው የምጠብቀው።

ለአንድ ጨዋታ እስከ ሰባት ዳኛ በሮለር ይሮጣል። ከእነሱ ሌላ ጫማ የማያስፈልጋቸው ሠራተኞች አሉ። ሰዓት የሚይዝ፣ ነጥብ የሚመዘግብ፣ የቅጣት ወንበሩን የሚቆጣጠር፣ በየጃሙ ማን እንደገባች የሚጽፍ። እነዚህ ካልሞሉ ጨዋታ የለም። ሃያ ሠላሳ ተጫዋች ጫማዋን አስራ ሰዓት ያዥ ስትጠብቅ አይቻለሁ።

ሊጉን ለሐበሻ ጓደኞቼ ሳስረዳ እድር ነው እላቸዋለሁ። ባለቤት የሚባል ሰው የለውም፤ አባላቱ ናቸው የሚያስተዳድሩት። መዋጮ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ተራ አለ። አንዷ ሒሳብ ትይዛለች፣ አንዷ አዳራሽ ትከራያለች፣ አንዷ ቲኬት ትሸጣለች። ወንበር ደርዳሪና ፕላስተር ለጣፊም አባል ነው። የሰው ጉልበት ሲያንስ የሚዘጋውም እንደ እድር ነው። እናም ጉልበትሽ ቢያምም፣ ቅዳሜ ማታ መጥተሽ ወንበር ብትደረድሪ የሊጉ ሰው ነሽ። እኔ በክራንች ላይ ሆኜ ነጥብ መመዝገብ የተማርኩት እንዲህ ነው። ጨዋታውንም በደንብ የገባኝ ያኔ ነው፤ ውስጥ ሆኜ የማላየውን ከጠረጴዛው አየሁት።

ሂጃብ እለብሳለሁ። ያስቸግራል?

አያስቸግርም። መርፌ የሌለው፣ ከሄልሜት ሥር የሚገባ የስፖርት ሂጃብ አድርጊ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪም ምንም አይልም፤ እንዲያውም ቆዳሽን ከወለሉ ያድናል። በጾም ወራት ልምምዱ ማታ ከሆነ ለአሠልጣኝሽ ቀድመሽ ንገሪያት፤ በባዶ ሆድ ግጭት ላይ እንዳትገቢ። ይህን ለሁዳዴ ጿሚዎችም እላለሁ።

ሁሉም የጨዋታ ስም አላቸው። ያንቺ ማን ነው?

እቴጌ ግፊያ። ቁጥሬ 1888 ነው። ቁጥር እስከ አራት አሃዝ ይፈቀዳል፤ አራት አሃዝ እንደሚፈቀድ ስሰማ ከዓድዋ ዓመት ሌላ አልመጣልኝም። አስተዋዋቂው በየጨዋታው ስሙን ሲጠራ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግን ተለማምዷል። ስም ለማውጣት አትቸኩሉ፤ በራስ ስም የሚጫወቱም ብዙ ናቸው።

አገር ቤት ማስጀመር ይቻላል?

ካይሮ ላይ ሴቶች በፈረንጆች 2012 ሊግ መሥርተዋል። አዲስ አበባ ላይ መስቀል አደባባይ ሮለር የሚነዱትን ልጆች ያየ ሰው ድፍረቱ እንዳለ ያውቃል። የሚያስፈልገው ለስላሳ ወለል ያለው አዳራሽ፣ ገመድ፣ ፕላስተር፣ ሙሉ መከላከያና አሥር ሰው ነው። ከባዱ ዕቃው ነው። ከዚህ ሻንጣ የሚሞላ ጉልበትና ክርን መከላከያ መላክ እፈልጋለሁ፤ እዚያ የሚረከብ ቡድን ካለ ጻፉልኝ።

እሺ፣ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?

በአቅራቢያሽ ያለውን ፈልጊ። ዲሲ፣ ዴንቨር፣ ሚኔሶታ፣ ሲያትል፣ ለንደን፣ ሐበሻ በብዛት ያለባቸው እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ሊግ አላቸው። የጀማሪ መቀበያ ቀናቸውን ጠይቂ። ሩብ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ውሃ፣ ረጅም ካልሲ፣ ላብ የሚመጥ ልብስ ያዢ። የጥርስ መከላከያሽን ቤት ሳለሽ በፈላ ውሃ አለስልሰሽ በጥርስሽ ልክ አበጂው፤ እዚያ ሄደሽ ጊዜ የለሽም። በር ላይ ላለችው ሴት "የመጀመሪያ ቀኔ ነው" በያት። ጫማሽን ማሰር ታሳይሻለች። ከዚያ ግድግዳውን ያዢና ተነሺ።