የአንባቢያን ጥያቄ፦ ረቡዕ ዓሣ፣ እሑድ ቆብ

ጥያቄ፦ የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ረቡዕ ሥጋ እንዳይበላ በሕግ ከልክላ ነበር ይባላል። ፕሮቴስታንት ሆና ጾም ምን አገባት?
(ከደሴ)

መልስ፦ መከልከሏ እውነት ነው፤ ጉዳዩ ግን የመርከብ እንጂ የነፍስ አልነበረም። አገሪቱ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ስትለይ ጾሙ ላላ፣ ዓሣ ገዢውም ቀነሰ። አጥማጁ ሥራውን ከተወ ደግሞ በጦርነት ጊዜ ለመርከብ የሚሆን ባሕረኛ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ፓርላማው በ1563 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የባሕር ኃይል ሕግ፣ ሥጋ በማይበላባቸው በዓርብና በቅዳሜ ላይ ረቡዕን ጨመረ። የሐሳቡ ባለቤት የንግሥቲቱ ዋና ጸሐፊ ዊልያም ሴሲል ስለነበር፣ ሰዉ «የሴሲል ጾም» አለው።

በሕጉ ውስጥ ደግሞ አንድ አስገራሚ አንቀጽ አለ። በእነዚህ ቀናት ከሥጋ መታቀብ ለነፍስ መዳን ያስፈልጋል ብሎ የሰበከ ወይም የጻፈ ሰው፣ እንደ ሐሰተኛ ወሬ ነዢ ይቀጣል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለለመደ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ የሚያስከስሰው «ጾም ነው» ማለቱ ነበር።

ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ 3 ፓውንድ ወይም የ3 ወር እስራት። ፓውንድ ያኔ 240 ፔንስ፣ ሺሊንግ ደግሞ 12 ፔንስ ነበር፤ በቀን 12 ፔንስ ገደማ ለሚያገኝ የለንደን አናጢ የ60 ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። ሥጋው በቤቱ ሲበላ እያወቀ ዝም ያለ አባወራም 40 ሺሊንግ ይከፍላል። ጠቋሚው ከቅጣቱ ድርሻ ስለነበረው፣ የጎረቤት አፍንጫ የወጥ ቤቱን ሽታ ይከታተል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሀብታም ግን መውጫ ነበረው። ረቡዕ ከገበታው ላይ ሦስት ሙሉ የባሕር ዓሣ ምግብ ካቀረበ አንድ የሥጋ ምግብ መጨመር ይችላል። ሦስት ዓይነት ዓሣ በአንድ ገበታ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው! ፈቃድ መግዛትም ይቻላል፤ ለመኳንንት በዓመት 26 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ፣ ለባላባት ፈረሰኛ 13 ሺሊንግ ከ4፣ ለሌላው 6 ሺሊንግ ከ8፣ ገንዘቡም ወደ አጥቢያው የድሆች ሣጥን ይገባል። ፈቃዱ የበሬ ሥጋን አይጨምርም። ታማሚ ከጳጳሱ ወይም ከአጥቢያው ቄስ ፈቃድ ያወጣል፤ ሕመሙ ከ8 ቀን ካለፈ ፈቃዱ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ይሰፍራል።

ረቡዕ በ1585 ተሻረ። ዓርብና ቅዳሜ ቀጠሉ፤ ቅጣታቸው ግን በ1593 ወደ 20 ሺሊንግ ወይም ወደ አንድ ወር እስራት ወረደ።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ልብስንም በሕግ ይወስኑ ነበር የሚባለውስ እንዴት ይሠራ ነበር? መንገደኛውን ሁሉ ማን ይመረምራል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። በ1554ቱ ሕግ፣ የዓመት ገቢው 20 ፓውንድ ወይም ንብረቱ 200 ፓውንድ ያልደረሰ ተራ ሰው በባርኔጣው፣ በመቀነቱ፣ በጫማው ሐር ማድረግ አይችልም፤ ካደረገ 3 ወር እስራትና በቀን 10 ፓውንድ። አሽከሩ እንዳጠፋ እያወቀ በ14 ቀን ውስጥ ያላሰናበተ ጌታ 100 ፓውንድ ይቀጣል። መንገደኛን አስቁሞ ገቢውን ማስላት ግን ለማንም የሚቻል አይደለም፤ ልብስ ሰፊውም ደንበኛውን አሳልፎ አይሰጥም።

ስለዚህ በ1560ዎቹ በዓይን የሚለይ ነገር ላይ አተኮሩ፦ በጨርቅና በጠጉር ተጠቅጥቆ የተነፋ ሱሪ፣ 103 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነው ወሰን ያለፈ የሰይፍ ስለት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ጩቤ። በለንደን በሮች ላይ የታመኑ ነዋሪዎች ለጥበቃ ቆሙ። በ1565 ሪቻርድ ዋልዌይን የተባለ አሽከር በእንዲህ ያለ ሱሪ ተይዞ፣ ጨዋ ሱሪ እስኪገዛ ታሰረ፤ የተነፋው ደግሞ ለሕዝብ መቀጣጫ በከተማው አዳራሽ ታየ። ጌቶቹ ግን እንደለበሱ አለፉ።

የ1571ዱ የቆብ ሕግ በተቃራኒው ልበሱ የሚል ነው። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በእሑድና በበዓላት እንግሊዝ የተሠራ የሱፍ ቆብ ያድርግ፤ ያላደረገ በቀን 3 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ። ልጃገረዶች፣ ወይዛዝርት፣ መኳንንትና ባለመሬት ባላባቶች ነፃ ናቸው። ዓላማው የቆብ ሠሪዎችን እንጀራ ማትረፍ ነበር። ሰዉ ግን ልቡ ሌላ ባርኔጣ ላይ ነበር፤ ሕጉም በ1597 ተሻረ። የልብስ ሕጎቹን ፓርላማው በ1604 ሰረዛቸው።