ነጻ ውርወራን ደክሟችሁ ተለማመዱት

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ቡድን ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በስፖርት መምህርነትና በአሰልጣኝነት ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ኮተቤ አካባቢ ወዳለች አንዲት የሲሚንቶ ሜዳ ጎራ እያልኩ ልጆች ሲጫወቱ አያለሁ። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሪንግ (የቅርጫቱ ቀለበት) ላይ ለመንጠልጠል የሚዘል ሞልቷል፣ ከሩቅ ሦስት ነጥብ የሚሞክርም እንደዚያው። ነጻ ውርወራን (ፍሪ ስሮው)፣ ማለትም ተጋጣሚ ፋውል (ጥፋት) ሲሠራ ከመስመሩ ላይ ያለ ተከላካይ የሚወረወረውን ኳስ፣ ከልቡ የሚለማመድ የለም። ልምምዱ አልቆ ሁሉም ጃኬቱን ሲደርብ አንድ ሁለቴ ወርወር አድርጎ ይሄዳል፣ አለቀ።

እስቲ አስቡት። ከቦርዱ 4.60 ሜትር ርቃችሁ ቆማችኋል። ማንም አይገፋችሁም፣ ማንም እጁን ፊታችሁ ላይ አያወዛውዝም። ሪንጉ 3.05 ሜትር ላይ ነው፣ የትም ብትሄዱ አይለወጥም። ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ኳሱ ደግሞ 24 ገደማ ነው። ቦታ አለ! በዚያ ላይ ተጋጣሚያችሁ በአንድ ሩብ አራት ፋውል ከሞላ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ወደ ሪንጉ እየወረወራችሁ ባይሆንም እንኳ ሁለት ነጻ ውርወራ ይሰጣችኋል። በተቀራረበ ጨዋታ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚያልቁት እዚያ መስመር ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2008 በአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እየመራ ነበር። መጨረሻው ላይ ነጻ ውርወራ ደጋግሞ ሳተ፣ ተጋጣሚው ካንሳስ በሦስት ነጥብ ውርወራ አቻ አደረገና በተጨማሪ ሰዓት 75 ለ 68 ዋንጫውን ወሰደ። ሜምፊስ በዚያ የውድድር ዘመን ከጅምሩም በነጻ ውርወራ ደካማ ነበር። ችግሩ የዚያን ምሽት አልመጣም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ቦታ ተገትሮ መቶ ኳስ በተከታታይ መወርወር ብዙም አይጠቅምም። አምስት ስድስት ከወረወራችሁ በኋላ እጃችሁ ርቀቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ ማግባት ቀላል ነው። ጨዋታ ላይ ግን ስድስተኛ የለም። ሁለት ብቻ ነው፣ እሱም ልባችሁ እየመታ፣ ላብ ዓይናችሁ ውስጥ እየገባ።

በቅርቡ አንዲት የኮሌጅ ተጫዋች አየሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ታገባለች። አራተኛው ሩብ ላይ የወረወረችው ሁሉ የሪንጉን ፊት እየመታ ተመለሰ። ሁሉም እጇን ያያል፣ እኔ ጉልበቷን አየሁ። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አይታጠፍም። እግሯ ማድረግ የነበረበትን በትከሻዋ ልታደርገው ትታገላለች። «ዒላማሽ ደህና ነው፣ ጉልበትሽን እጠፊው» አልኳት። «ጋሼ፣ እግሬ ዝሎ ነዋ!» አለችኝ። እንግዲያው ዝሎ ተለማመጂዋ! እዚህ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ በልምምዱ መሃል ሜዳውን ሮጣችሁ ተመለሱ፣ ወዲያው ሁለት ወርውሩ፣ ከዚያ እንደገና ሩጡ። የሳተን ተጨማሪ ሩጫ የሚያስሮጡ አሰልጣኞች አሉ፣ እኔ አልወደውም። ልጁ መስመሩ ላይ ሲቆም ሪንጉን ትቶ ቅጣቱን ያስባል።

ዳኛው ኳሱን ከሰጣችሁ በኋላ አምስት ሰከንድ አላችሁ። ትበቃለች። ሁለቴ አንጥሩ፣ ትንፋሽ አውጡ፣ ሪንጉን እዩ፣ ወርውሩ። ሁልጊዜ ያው ይሁን። ኳሱ መዳፋችሁ ላይ ሳይሆን ጣቶቻችሁ ላይ ይቀመጥ። ከፍ አድርጋችሁ ላኩት፣ ከላይ ለሚመጣ ኳስ ሪንጉ ሰፊ ነው፣ ዝቅ ብሎ ለሚመጣ ይጠባል። የእጅ አንጓችሁን ስታጥፉት ኳሱ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ ሪንጉን ቢነካ እንኳ ቀስ ብሎ የመግባት ዕድል አለው።

ስለ አወራወር ሰው ምን ይለኛል አትበሉ። የአሜሪካው ታዋቂ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሊን በፈረንጆቹ 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ32 ነጻ ውርወራ 28ቱን አግብቷል። ያኔ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ከጉልበቱ መሃል ወደ ላይ ነበር የሚልከው። በኋላ አፈረበትና ተወው፣ በተጫወተበት ዘመን ሁሉ ሲደመር ያገባው ከመቶ 51 ብቻ ነው። ሌላው የአሜሪካ ተጫዋች ሪክ ባሪ ግን ሳያፍር እንደዚያው እየወረወረ ከመቶ 89 ያህሉን አግብቷል። እንደ እነሱ ወርውሩ አልልም፣ የሚገባላችሁን አትጣሉት ነው የምለው።

ዳር ዳሩ ላይ ያሉ ሜዳዎቻችን ብዙዎቹ መረብ የላቸውም፣ ኳሱ አልፎ አጥሩ ድረስ ይንከባለላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ይወርውር፣ ሌላው ኳስ ይመልስና ይመዝግብ፣ ጓደኛው ሲወረውር ምክር አይስጥ። ክረምት ሜዳው ሲረጥብ ቤት በጀርባችሁ ተኝታችሁ ኳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወርውሩ። ተመልሶ እዚያው እጃችሁ ላይ ካልወደቀ አንጓችሁ ወይም ክርናችሁ ወደ ጎን ሄዷል።

ስትመዘግቡ አርፋችሁ ያገባችሁትንና ደክሟችሁ ያገባችሁትን ለዩ። ደብተሩንም ለአሰልጣኛችሁ ስጡት። ሁለት ነጥብ እየመራችሁ ተጋጣሚ ሆን ብሎ ፋውል ሲሠራ፣ ኳሱ ማን እጅ ላይ መሆን እንዳለበት ያኔ ከደብተሩ ያውቃል።