የዛገ ፊያት 124 ስፓይደር፦ ከወለሉ በፊት ከበሩ ሥር ያለውን ሣጥን ይክፈቱ

ጥያቄው በሜሪላንድ ከሚኖሩ አንድ አንባቢ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ፊያት 124 ስፓይደር በርካሽ ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ አቁመዋል። ምንጣፉ ሲነሣ በሾፌሩ እግር በኩል የጋራዡ ሲሚንቶ በወለሉ ቀዳዳ ይታያል። የግራው በር ከኋላ፣ በላይኛው ጥግ በኩል ከአካሉ ጋር እየተፋተገ ካልሆነ አይዘጋም፤ ነገር ግን በመኪናው ወገብ ሥር ወፍራም ጣውላ አጋድመው በክሪክ ትንሽ ብድግ ሲያደርጉት ያለ ችግር ይዘጋል። የፊት ግራ ጎማም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ መስሎ ታይቷቸዋል። የቀድሞው ባለቤት «ከበሩ ሥር ያለው ብረት በአዲስ ተቀይሯል» ብሎ አረጋግጦላቸዋል። በ120 ቮልት የሚሠራ ሚግ ብየዳ (ሽቦውን ራሱ እየመገበ የሚበይድ መሣሪያ)፣ ግራይንደርና ትራፓኖ ስላላቸው ወለሉን በመበየድ ሊጀምሩ አስበዋል።

በወለሉ እንዳይጀምሩ እለምንዎታለሁ። ከጻፉልኝ ምልክቶች ሁሉ ሐሳቤን የወሰነው የወለሉ ቀዳዳ ሳይሆን በሩ ነው። የበሩ ማጠፊያ አልቆ ቢሆን ኖሮ በሩ በኋላ ጫፉ በኩል ወደ ታች ይወርድና የሚፋተገው የታችኛው ጥግ ይሆን ነበር፤ ጫፉን በእጅዎ ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡትም ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። የእርስዎ በር የሚፋተገው ከላይ ነው፤ መኪናው ከወገቡ ሲደገፍ ደግሞ ይስተካከላል። ይህ የሚነግረን ከበሩ ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ ምሰሶዎች በላይ በኩል እየተቀራረቡ፣ መኪናው ከመሐሉ እየሰመጠ መሆኑን ነው። እንዲህ የሚያደርገው በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ከበሩ ሥር የሚሄደው የብረት ሣጥን ከውስጥ መበስበሱ ነው። የቀድሞው ባለቤት የተቀየረ ያሉት ብረት ሽፋኑ ብቻ ነው ብዬ ባልምል እንኳ፣ ከመክፈቴ በፊት ለመገመት የምደፍረው ይህንኑ ነው።

ይህ ሣጥን በክፍት መኪና ላይ ለምን ያን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ይህን ሳይረዱ የሚበይዱ ሰዎች ናቸው ብዙ መኪና ያበላሹት። የክብሪት ቀፎ ይውሰዱ፤ እንጨቶቹ ያሉበትን መሳቢያ አውጥተው የውጭውን ሽፋን ብቻ ይያዙ። ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ይዘው ልብስ እንደሚጨምቁ አድርገው ሊጠመዝዙት ይሞክሩ። ከስስ ወረቀት የተሠራ ሆኖ ሳለ ይታገልዎታል። አሁን ከአራቱ ጠርዞች አንዱን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በምላጭ ይሰንጥቁትና እንደገና ይጠምዝዙት፤ ያለ አንዳች ትግል ይጠመዘዛል። ወረቀቱ አልቀነሰም፣ ውፍረቱም ያው ነው፤ የጎደለው መዘጋቱ ብቻ ነው። የተዘጋ ሣጥን ጥንካሬ ያለው አራቱ ገጾች እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው፤ አንዱ ስፌት ከተተረተረ የቀሩት ሦስቱ ሙሉ ቢሆኑም ሣጥኑ ሣጥን መሆኑ ይቀራል። ጣሪያ ያለው መኪና ላይ ይህ ጉዳት ለጊዜው ሊሸፈን ይችላል፤ ጣሪያው ከላይ ሆኖ ምሰሶዎቹን ስለሚያራርቅ መኪናው ቶሎ አይሰምጥም። ስፓይደር ግን ጣሪያው ሸራ ነው። ፊቱንና ኋላውን የሚያገናኙት ወለሉ፣ በመሐል ያለው የካምቢዮ መሿለኪያና ሁለቱ የጎን ሣጥኖች ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚሸከሙት ሣጥኖቹ ናቸው። በዚያ ላይ የስፓይደሩ ሣጥን ባዶ ቱቦ አይደለም፤ በውስጠኛውና በውጭው ላሜራ መካከል ሌላ ማጠናከሪያ ላሜራ አለው። ከፊትና ከኋላ ጎማ የሚረጨው ውኃና የክረምት መንገድ ጨው የሚጠራቀመው እዚያ ሦስቱ በሚገናኙበት የታች ስፌት ላይ ነው፤ ስለዚህም ውጭው እያማረ መሐሉ ያልቃል። ስፌቱ ከታች ሲተረተር መኪናው በምላጭ የተሰነጠቀው ቀፎ ሆነ ማለት ነው። ወለሉን በዚህ ሁኔታ ቢበይዱት የሰመጠውን መኪና እንደ ሰመጠ ነው የሚያጸኑት፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚያስተካክልልዎ የለም።

ግምቴን ለማረጋገጥ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሣጥኑ ርዝመት ላይ ያንሸራትቱት፤ ጭብጥ አድርጎ መያዙን ትቶ የሚላቀቅበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ፣ ማለት ከቀለም ሥር የሚለሰን መሙያ፣ ነው። ቀጥሎ በካቻቢቴ እጀታ ከታች በኩል በዝግታ እየመቱ ያዳምጡ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም የተሞላው ደግሞ እንደ ካርቶን ዱም ይላል። ውስጡ የዝገት ቅርፊት ሲራገፍ ከሰሙ፣ ወይም ጥቁር ካትራም በወፍራሙ የተቀባበትን ቦታ ካገኙ፣ ካቻቢቴውን በጫፉ ገፋ ያድርጉት። የሚያልፍ ይመስለኛል።

ከመቁረጥ በፊት ግን የቤንዚን ሰልባትዮው ከመኪናው ይውጣ። በዚህ መኪና ሰልባትዮው ያለው በሻንጣው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከኋላ ጎማ ቅስት አጠገብ ሲቆርጡና ሲበይዱ ፍንጣሪው በዝገት ቀዳዳ ገብቶ ሊደርስበት ይችላል። «ቤንዚኑን አፍስሼዋለሁ፣ ባዶ ነው» የሚል ሰው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ በባዶ ሰልባትዮ ውስጥ ትነቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ ፍንጣሪ ስለሚጠብቅ ከሙሉው ይልቅ የሚፈነዳው እርሱ ነው። ሰልባትዮው ወጥቶ ከጋራዡ ውጭ፣ ከማንኛውም እሳትና ከማሞቂያ ምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ቤንዚን የሚያመላልሰውም ቱቦ ይውጣ ወይም ጫፎቹ ይደፈኑ። ባትሪው ይነቀል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው በአራት ጎማው ላይ፣ በተስተካከለ ወለል ላይ ይቁም። ከመኪናው በታች የማይንቀሳቀሱ ነጥቦችን መርጠው ቱንቢ እየጣሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና ማዕዘን ለማዕዘን ይለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ መኪናው ከመስመጡም ሌላ ተጣሟል፤ እንዲያ ከሆነ መቁረጡን አቁመው አካሉን ወደሚያቃና ባለሙያ ይውሰዱት። ልኬቱ ደህና ከሆነ እንደ ቀድሞው ጣውላ አጋድመው ከወገቡ በክሪክ በጥቂት በጥቂቱ ያንሡ፤ ጣውላው ሸክሙን በወለሉ ማጠናከሪያ ላይ እንጂ በበሰበሰው ሣጥን ላይ እንዳያሳርፍ ይጠንቀቁ። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን ያቁሙ። ክሪክ ሊወርድ የሚችል መሣሪያ ስለሆነ፣ ሥሩ ከመግባትዎ በፊት ሸክሙን ወደ ጽኑ የብረት መቆሚያ ያዛውሩት። ከዚያ 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ አጋድመው በብየዳ ይያዙት፤ ሌላ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በወንበሮቹ ቦታ ያጋድሙ። ቱቦውን ሲያስሩ በሩ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ቦታ ይተዉለት፤ በሩ እስከ መጨረሻው ድረስ መለኪያዎ እርሱ ነውና ነቅለው ጥግ አያስቀምጡት።

አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ። የውጭውን ላሜራ ሲከፍቱ እዚያ ውስጥ የሚያገኙትን እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ስፓይደር ተመሳሳይ ማረጋገጫ የተሰጠበት ነበር። ስቱኮውን ስፍቅ ጣት የሚያህል ውፍረት ነበረው። ሥሩ አዲስ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑ ሥር ደግሞ አሮጌው ዝገት እንዳለ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል የቤት መስኮት የሚደፈንበት ቢጫ ፎም ተነፍቶ ገብቷል። ፎሙ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ስለቆየ የመሐሉ ማጠናከሪያ በእጄ ስነካው እንደ ቅጠል ረገፈ። ይህን የሠራ ሰው ገንዘብ ተቀብሎበታል፤ በዚያ መኪና ደግሞ ሁለት ሰዎች በፈጣን መንገድ ሲሄዱበት ከርመዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ጥገና ብሎ መጥራት ለሙያው ስድብ ነው።

ምትክ ላሜራ ሲገዙም ይጠንቀቁ። በየቦታው የሚሸጠው ርካሽ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የሳሳ ነው፤ የላይኛው እጥፋቱም ከበሩ ኩርባ ጋር አይገጥምም። ያንን በመዶሻ ለማግጠም የሚባክነው ቀን ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል። ለውስጠኛውና ለመሐሉ ማጠናከሪያ እኔ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ራሴ አጥፌ እሠራለሁ፤ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጥሩ ማጠፊያ ያለው ማንኛውም ባትላሜራ ሊሠራልዎ ይችላል። ገንዘብዎን የሚያወጡት ኩርባ ላለው ለውጭው ላሜራ ይሁን።

ብየዳዎ ለዚህ ውፍረት ይበቃል፤ ነገር ግን ያለ ጋዝ የሚሠራውን ሽቦ ይተዉት፤ ፍንጣሪው ብዙ ነው፣ ስስ ላሜራንም ቶሎ ይበሳል። 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦና 75 በመቶ አርጎን ከ25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተደባለቀበት ቦምቦላ ይጠቀሙ። መጀመሪያ ውስጠኛውን፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ በመጨረሻ ውጭውን በፑንታ፣ ማለት እዚህም እዚያም በነጠብጣብ ብየዳ፣ ብቻ ይያዙ። ሦስቱም ከገጠሙ በኋላ በሩን ዘግተው ይዩት፤ ሙሉ ብየዳ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በእጥፋቱ ላይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ በስተው ቀዳዳዎቹን በብየዳ ይሙሉ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከመሐል እያዘዋወሩ ይሥሩ እንጂ በተከታታይ አይሂዱ፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተከማቸ ላሜራው ይጎብጥብዎታል። የሚገናኙት ገጾች ከመዘጋታቸው በፊት ብየዳ የሚችል የዚንክ ቀለም ይቀቡ። ላሜራውን ግን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አያጽዱት፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት በብየዳ ብርሃንና ሙቀት ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። አንድ ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ፣ ሥራው ሳምንታት ስለሚወስድ፣ አንድ ሰው ሰልባትዮውን ወደ ቦታው መልሶት እንዳይሆን ደግመው ይመልከቱ። ቦታ ጠበበ ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

ወለሉ የሚበየደው ሁለቱም ሣጥኖች ካለቁ በኋላ ነው፤ እዚያ የተለየ ምክር የለኝም፤ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ መቁረጥና መተካት ነው።

ያዘነበለው ጎማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀለል አድርገው እንዳያዩት። በስፓይደር የፊት ሞላ የላይኛው መቀመጫ የሆነው የላሜራ ማማ ከታች በጭቃና በጨው ይበላል፤ ጎማውን ከላይ በኩል ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ክንድ ብሎን የሚያልፈውም በዚሁ ማማ ውስጥ ነው። ማማው ሲለሰልስ በመኪናው ክብደት ወደ ሞተሩ ይጠጋል፤ ጎማውም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ኮፈኑን ከፍተው በብሎኑ ዙሪያ ቀለሙ በክብ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ከጎማው ቅስት በኩል ደግሞ ስፌቱ አብጦ እንደሆነ በባትሪ መብራት ይዩ። አዲስ አበባ በላዳ ታክሲዎች ላይ ስሠራ የኖርኩ ስለሆንኩ ይህን የፊት አሠራር በደንብ አውቀዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ የተመረተው ላዳ የተወለደው ከፊያት 124 ነው፣ የፊት ክንዶቹም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ነገር ግን ላዳው በወፍራም ላሜራ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መንገድ ጨው አይበተንበትም። ስለዚህ ላዳን በመጠገን ልምድ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ «ይህ ምንም አይደለም» ቢልዎ አይቀበሉት። ማማው ተሰንጥቆ ከተገኘ ጎማው የሚቆምበትን ማዕዘን በሚሊ ሜትር የሚጠብቅ መያዣ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ይህን ሥራ በጋራዥዎ ውስጥ ይሞክሩት አልልም። እስከዚያው መኪናው መንገድ አይውጣ።

ብየዳው አልቆ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ረጅም ቱቦ ባለው መርጫ የጸረ ዝገት ሰም ይረጩ፤ ከታች ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን በሽቦ ይፈትሹ። ቀደም ሲል መኪናውን የጠገነው ሰው በካትራም ደፍኗቸው ሊሆን ይችላል። ሰሙ ከቀዳዳዎቹ መንጠባጠቡን እስኪያቆም አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ማጋደሚያ ቱቦዎቹን ይቁረጡ፣ ጠባሳውንም ይሙረዱ፤ ግራይንደሩ ተነቅሎ ከተቀመጠና ከዚያ ወዲያ ምንም የሚቆረጥም የሚበየድም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ፣ ያን ጊዜ ብቻ ሰልባትዮውን ይመልሱ።