ድባቴና ማዕድ፦ የላካችሁልኝ ጥያቄዎች

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፣ ጅማ። ጥያቄያችሁ በዝቷል፣ የምችለውን እነሆ።

ምግብ ድባቴን ያድናል ወይስ ወሬ ነው?
ወሬ አይደለም፣ ግን ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለሁለት ከፍለው 12 ሳምንት አዩአቸው። አንደኛው ወገን በባለሙያ እየታገዘ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ አሳና የወይራ ዘይት አዘወተረ፤ ሌላው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት ቆየ። ከበሉት 32 በመቶ፣ ከተጫወቱት 8 በመቶ ከድባቴው ወጡ። አሪፍ ነው። ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ላይ ነበሩ። ይቺን ሁሉም እየዘለለ ነው የሚያወራው።

ታዲያ መድኃኒቴን ላቁም?
በፍጹም! ያዘዘልህን ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካው።

የወይራ ዘይት ዋጋው አይቀመስም፣ ምን ይሻለኛል?
ተይው እህቴ። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽሮ አለልሽ። አቮካዶማ እኛው ጋ ነው የሚበቅለው። ተልባ ቆላ አድርገሽ ውቀጪው፤ ሳይደቅ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ከግልገል ጊቤ አሳ ከመጣ ደግሞ አትለፊው።

ቡና ልተው?
ጅማ ተቀምጬ ቡና ተው ልበልህ? ጠጣ። ግን ከማዕድ እንደተነሳህ አይሁን፤ ከምግቡ የምታገኘውን ብረት ያስቀርብሃል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ድካሙና መፍዘዙ ቁርጥ ድባቴ ይመስላል፣ ተመርመር። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚልህ ከሆነ የምሽቱን ጀበና እለፈው።

ከበርጫ በኋላ በጣም ይደብረኛል። ምን ልብላ?
ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዋናው ነገር ጫቱ ነው። ጫት ረሃብ ያጠፋል፣ ስለዚህ እራት ይዘለላል። ሌሊቱን ዓይንህ አይከደንም። ጠዋት ምርቃናው ወርዶ ጀዝበህ ትነሳለህ፣ ቁርስ አያሰኝህም፣ ቡና በባዶ ሆድ ትጠጣለህ፣ ከሰዓት ደግሞ ያው ሱስ ይጠራሃል፣ እንዲህ ሆነህ ሳምንቱ ያልፋል። በዚህ ላይ አቮካዶ ብጨምርልህ ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ቀንስ፤ ሳትበላም አትቀመጥ። መድኃኒት ላይ ከሆንክ መቃምህን ለሐኪምህ ንገረው፣ አትፈር።

እናቴ እህል እምቢ ብላለች፣ ምን ላድርግ?
የምግብ ፍላጎት መጥፋት የበሽታው አንዱ ምልክት ነው፣ ሰነፍሽ ብለህ አትጨቅጭቃት። ሙሉ ትሪ አታቅርብላት። አጥሚት በትንሽ ስኒ፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቶሎ ቶሎ። አብረሃት ብላ፣ አጉርሳት። ከከሳች ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ግን ምግቡን ተወውና የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዳት፤ ብቻዋንም አትተዋት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

የቫይታሚን እንክብል ልግዛ?
በምርመራ ጉድለት ካልተገኘብህ አትግዛ። ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሰው ግን ቢ12 ይለካ።