የግድግዳ ቴርሞስታት ወይስ የራዲያተር ቫልቭ?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ የገዛሁት ቤት የውሃ ራዲያተር ተዘርግቶለታል። ቦይለሩ የኤሌክትሪክ ነው፣ 9 ኪሎዋት፤ ራዲያተሮቹ ሰባት ናቸው። ሙቀቱን የምንቆጣጠረው ቦይለሩ ላይ ባለችው መዞሪያ ብቻ ስለሆነ ማታ መኝታ ቤቱ ያፍናል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ሳሎኑ ይበርዳል። ኤሌክትሪሽያኑ የግድግዳ ቴርሞስታት ግዛ ይለኛል፤ የቧንቧ ሠራተኛው በየራዲያተሩ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ይሻላል ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም ይስሙ፤ የዕቃዎቹ ሥራ የተለያየ ነው። የግድግዳው ቴርሞስታት ቦይለሩን ያበራል፣ ያጠፋል። የራዲያተሩ ቴርሞስታቲክ ቫልቭ የሚያውቀው ያለበትን ክፍል ብቻ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ የውሃውን መንገድ ያጠባል እንጂ ቦይለሩን አያጠፋም። ቫልቭ ብቻ ከገዙ ክፍሎቹ ሁሉ ሞቀው ሳለ ፓምፑ ሲዞር፣ ቦይለሩም ቧንቧ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያሞቅ ያድራል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ከግድግዳው ይጀምሩ።

ቴርሞስታቱ የሰዓት ፕሮግራም ያለው ይሁን። በእናንተ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ የሚጠናው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ቤቱን ታሞቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ማሞቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1:30፣ ከዚያም ከምሽቱ 12:30 እስከ ማታ 4 ሰዓት 19 ዲግሪ፣ በሌላው ጊዜ 15 ዲግሪ ብለው ይጀምሩና እንደ ቤተሰቡ ያስተካክሉት። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የሚያስገቡት 05:00፣ 07:30፣ 18:30 እና 22:00 ነው። በባትሪ የሚሠራውን ይምረጡ፤ ባትሪ የሌለው ርካሽ ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና እኩለ ሌሊት ላይ ማሞቅ ይጀምራል። የአውሮፓን የበጋ ሰዓት ተከትሎ በራሱ የሚቀያየረውንም ምርጫ ያጥፉት፤ አለበለዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ፕሮግራሙ በአንድ ሰዓት ይዛባል።

የሚሰቀለው ሳሎን ነው፤ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በውስጠኛ ግድግዳ ላይ። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ቤቱ ገና ሳይሞቅ «ሞቋል» ብሎ ያጠፋዋል። ከቴሌቪዥን፣ ከኩሽና በርና ከራዲያተሩ ራሱም ይራቅ።

አሁን ኤሌክትሪሽያኑ አጠገብዎ ቆሞ ይህን ያንብብ። 9 ኪሎዋት በ220 ቮልት በአንድ ፌዝ ወደ 41 አምፒር ይስባል፤ በሦስት ፌዝ ቢሆንም በእያንዳንዱ ወደ 14 አምፒር ነው። የቴርሞስታቱ ውስጠኛ ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 16 አምፒር ብቻ ነው የሚችለው። የቦይለሩን ዋና መስመር በቴርሞስታቱ ውስጥ ማሳለፍ ክልክል ነው። የማብሪያው ጫፎች ተቃጥለው ይጣበቃሉ፤ ከተጣበቁ በኋላ ቴርሞስታቱ «ጠፍቷል» እያለ ቦይለሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ሽቦው ይሞቃል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ቦይለሩ ላይ «የክፍል ቴርሞስታት» የሚል መግጠሚያ ካለ ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች እዚያ ይገባሉ። ከሌለ ለቦይለሩ ጭነት የሚበቃ ኮንታክተር (በትንሽ ጅረት የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ) ይገጠምና ቴርሞስታቱ የኮንታክተሩን ኮይል፣ ማለትም ማብሪያውን የሚስበውን ጥቅል ሽቦ፣ ብቻ ያዛል። በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የከፍተኛ ሙቀት መቁረጫ ማንም እንዳይነካው፤ ያለ እሱ መሥራት የለበትም።

ወደ ቫልቮቹ እንምጣ። የሚያስፈልጉት በመኝታ ቤቶቹ ነው። ቴርሞስታቱ ያለበት ሳሎን ላይ አይግጠሙ፤ ከተገጠመም እስከ መጨረሻው ከፍተው ይተዉት። ያለዚያ ቫልቩ ቀድሞ ይዘጋል፣ ሳሎኑ 19 ዲግሪ አይደርስም፣ ቦይለሩም አያርፍም። የመታጠቢያ ቤቱም ራዲያተር ያለ ቫልቭ ይቅር፤ ሁሉም ሲዘጋ ፓምፑ ውሃውን የሚገፋበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። የቫልቩ ጭንቅላት፣ ቁጥር ያለበት መዞሪያው፣ በአግድም ይገጠም፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከቧንቧው የሚወጣው ሙቀት ያታልለዋል። መጋረጃ ከሸፈነውም እንዲሁ ነው። ቁጥሮቹ ዲግሪ አይደሉም፤ በአብዛኞቹ ላይ 3 ማለት ወደ 20 ዲግሪ፣ 2 ማለት ወደ 16 ነው። ለመኝታ ቤት 2 ወይም 2 ተኩል ይበቃል። ጭንቅላቱንና አካሉን ለየብቻ ከገዙ ጥርሱን ያመሳክሩ፤ የተለመደው 30 ሚሊሜትር ነው፣ የራሳቸው መግጠሚያ ያላቸው ፋብሪካዎች ግን አሉ።

የቦይለሩን መዞሪያ 60 እና 65 ዲግሪ መካከል ያድርጉት። በእናንተ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲስተሙ ጣራ ላይ ክፍት ታንከር ያለው ከሆነ መዞሪያውን ከፍ ማድረግ ቦይለሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንደ ጀበና ይንፈቀፈቃል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው የምንኖረው። ማሞቂያውን ለወራት ዘግተን ሰሞኑን ስንከፍተው ቴርሞስታቲክ ቫልቭ ካላቸው ራዲያተሮች አንዱ ጭራሽ አልሞቅ አለ። ቫልቩ ይቀየር?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቫልቭ ፒኑ ይጣበቃል። ጭንቅላቱን ፈትተው ያውጡት፤ መሐል ላይ ትንሽ የብረት ፒን ያገኛሉ። ጠፍጣፋ ነገር አስደግፈው ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ገብቶ በራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የፒኑን ዙሪያ በእንጨት እጀታ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉና ደጋግመው ይጫኑት። በፒንሳ ጎትተው እንዳያወጡት፤ ፒኑ ከወጣ ሙቅ ውሃ ይፈናጠራል። ሲላቀቅ ጭንቅላቱን 5 ላይ አድርገው መልሰው ይግጠሙት። ማሞቂያው በማይሠራባቸው ወራትም እዚያው 5 ላይ ይተዉት፤ ያኔ ፒኑ ተጭኖ አይቆይም።

ራዲያተሩ ታቹ ሞቆ ላዩ ብቻ ከቀዘቀዘ ግን ጉዳዩ የቫልቩ አይደለም፣ አየር ነው። ፓምፑን አጥፍተው በላይኛው ጫፍ ያለችውን የአየር ማስወጫ ሩብ ዙር ይክፈቱ፤ ማፏጨቱ ቆሞ ውሃ ሲመጣ ይዝጉ። ሲስተሙ ዝግ (ክፍት ታንከር የሌለው) ከሆነ የግፊት መለኪያውን አይተው ውሃው በቀዘቀዘበት ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር እንዲሆን ይሙሉት።