የጓዳ ጥያቄ፦ ሆሊ በሁዳዴ ሲመጣ

በዚህ ወር ከህንድ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በርከት ብለዋል፤ ምክንያቱ ሆሊ ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ሆሊ የሂንዱዎች የጸደይ በዓል ነው። ዋዜማውን ማታ ትልቅ እሳት ይለኮሳል፣ በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ቀለም ይቀባባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታጥቦ፣ ለባብሶ ጎረቤት ከጎረቤት ይገባበዛል። ቀለሙን ለሌላ ሰው ትቼ ስለ ግብዣው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ ዴልሂ ከተመደበ ወዲህ የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች ለሆሊ ጠርተውናል። እኔ ሁዳዴን አልገድፍም። መቅረቱም ነውር መሰለኝ። ሄጄ ምን እቀምሳለሁ? ምንስ ይዤ ልሂድ? *ጿሚዋ፣ ከዴልሂ*

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። ሆሊ ፋልጉን በሚሉት ወራቸው፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ስለሚውል ከሁዳዴ የሚያመልጥበት ዓመት ጥቂት ነው። በ2017 መጋቢት 5 ነበር የዋለው፤ እኛ የጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነበርን። ስለዚህ በዚህ የተጨነቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። «ጾም ላይ ነኝ» ብለሽ ብቻ እንዳትቀመጪ። ሂንዱዎችም አጥብቀው ይጾማሉ፤ ጾማቸው ግን የእኛ ተቃራኒ ነው። በአብዛኛው እህልና ጥራጥሬ ትተው ወተት፣ ቅቤና ፍራፍሬ ይበላሉ። የቤቷ እመቤት ጿሚ መሆንሽን ስትሰማ ሮጣ የምታመጣልሽ የወተት ጣፋጭ ነው፤ ያውም ካንቺ ደስታ በቀር ሌላ ሐሳብ ሳይኖራት። እኔ ዴልሂ ስኖር ከላያችን የነበሩት አንቲ (እዚያ በዕድሜ የገፋች ሴት ሁሉ አንቲ ናት) ጾሜን አክብረው በሳህን ሙሉ የወተት ከረሜላ አምጥተውልኛል። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ደረጃ ላይ ስታገኚያት ዘርዝረሽ ንገሪያት፦ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልነካም፤ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት እበላለሁ። ቅር ይላታል ብለሽ አትስጊ። በየቤቱ ሽንኩርት የማትቀምስ አያት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥጋ የማይነካ አጎት አይጠፋም፤ የአንቺ ጉዳይ ለእሷ እንግዳ አይሆንባትም።

አሁን ወደ ገበታው። ጉጂያ፣ ማለትም እንደ ሳምቡሳ ታጥፎ የሚጠበሰው ጣፋጭ፣ ውስጡ ወተት ነው፣ እለፊው። ማልፑዋ የሚሉት በስኳር ሽሮፕ የተነከረ ቂጣም ብዙ ጊዜ በወተት ይቦካል፤ ዳሂ ባላ የሚሉት የጥራጥሬ ጥብስ እርጎ ውስጥ ነው የሚዋኘው። ማትሪ የተባለውን ደረቅ ጨው ያለው ብስኩት ግን ጠይቂ፤ በዘይት የሚያሹት አሉ፣ በንጥር ቅቤ የሚያሹትም አሉ። ነጭ አዝሙዱ አፍ ውስጥ ሲሰበር ደስ ይላል። ጣሪያ ላይ በፀሐይ የደረቀ የድንች ጥብስና ፓፓድ የሚሉት ስስ የጥራጥሬ ቂጣም ይኖራል። ዋዜማውን ማታ እሳቱ ዘንድ ከወረድሽ ደግሞ የገብስና የስንዴ እሸት፣ ሽንብራም ከነገለባው እየለበለቡ ይሰጡሻል፤ በዚያ ወቅት አዲሱ እህል የሚደርስበት ጊዜ ነውና።

የአንቺ ምግብ ግን ካንጂ ቫዳ ነው። ጥቁር ካሮት የሚባል፣ መልኩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ካሮት አለ። እሱን እንደ ጣት ይቆርጡና ከውኃ፣ ከተፈጨ ሰናፍጭ፣ ከጨውና ከሚጥሚጣ ቢጤ ጋር በሸክላ ማሰሮ ከተው አፉን በጨርቅ አስረው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ሦስት አራት ቀን ሲሆነው ይኮመጥጣል፤ ካንጂ የሚሉት ይህን ነው፤ ክዳኑን ስትከፍቺ የሰናፍጩ ሽታ ዓይን ያስነባል። ቫዳው ከተፈጨ ማሽ የሚጠበስ ትንሽ ኳስ ነው፤ ሞቅ ባለ ጨው ውኃ ይለሰልስና ተጨምቆ ካንጂው ውስጥ ይጠልቃል። በብርጭቆ ያቀርቡልሻል፤ ኳሱን በማንኪያ፣ ውኃውን በመጠጣት። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። እንዲያውም ያ ሁሉ ጣፋጭ ከተበላ በኋላ ሆድ የሚያስተካክል ነው ብለው ስለሚያምኑ የቤቱ ሰዎችም ወደሱ መመለሳቸው አይቀርም። ሆሊ ላይ ከሚቀርበው ሁሉ ለእኔ እሱን የሚያክል የለም፤ ጉጂያ ወዳዶች ይቅር ይበሉኝ።

ይዘሽ የምትሄጂው ፍራፍሬ፣ ወይም ካሹና ዘቢብ በካርቶን ይሁን። ኬክ አትውሰጂ፤ ብዙ ቤት እንቁላል አይገባም።

ጥያቄ፦ ቫራናሲ የምማር ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ሆሊ ያለ ታንዳይ አይሆንም ይሉኛል። አንዱ ያሰክራል ይላል፣ ሌላው የሕፃን መጠጥ ነው ይላል። ማንን ልመን? *ግራ የገባው ተማሪ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም እመናቸው። ታንዳይ ራሱ ምንም የለበትም። አልሞንድ፣ የሜሎን ፍሬ፣ የፖፒ ፍሬ፣ እንስላል፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ተዘፍዝፈው ያድራሉ፤ ጠዋት ደንጋይ ላይ ልም እስኪሉ ይፈጫሉ፣ በነጠላ ጨርቅ ይጣራሉ፣ ቀዝቃዛ ወተትና ስኳር ይገባባቸዋል። ሳፍሮን ያለው ሳፍሮን፣ ጽጌረዳ ያለው የጽጌረዳ ቅጠል ይጨምራል። ይህን ሕፃንም ይጠጣል።

የሚያሰክረው ባንግ የገባበት ነው። ባንግ የካናቢስ ቅጠል ተወቅጦ የሚሠራ አረንጓዴ ሊጥ ነው። በህንድ ሕግ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1985 በወጣው የአደንዛዥ ዕፅ አዋጅ፣ የተከለከለው ሙጫውና የአበባው ጫፍ ነው፤ ቅጠሉ ለብቻው ሲሆን ከዚያ ትርጉም ውጭ ስለሆነ ጉዳዩ ለየግዛቱ ተትቷል። አንተ ባለህባት ከተማ የመንግሥት ፈቃድ ያላቸው የባንግ ሱቆች አሉ። ባንግ ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ነው ስለሚባልም ብዙዎች በዓሉ ላይ መጠጣቱን እንደ ነውር አይቆጥሩትም። ስለዚህ ብርጭቆ የሚሰጥህ ሰው ተንኮለኛ ላይሆን ይችላል፤ አንተም እንደምታውቅ ገምቶ ይሆናል።

አደጋው ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። ባንግ በሆድ የሚገባ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ምንም ሳይል ይቆያል። ሰውም «ይሄማ ወተት ነው» ብሎ ሁለተኛ ይደግማል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ለሰዓታትም አይለቁም። በቀለም ለመለየት አትሞክር፤ ፒስታቺዮም ታንዳይን አረንጓዴ ያደርገዋል። ደግሞ መጠጥ ብቻ አይደለም፦ ፓኮራ በሚሉት የአትክልት ጥብስም፣ ላዱ በሚሉት ክብ ጣፋጭም፣ በጉጂያም ውስጥ ይገባል። ማን እንደፈጨው የምታውቅበት ቤት ጠጣ፤ ከመንገድ ላይ በባልዲ የሚቀዳውን ተወው። ሳታውቅ ከጠጣህ ደግሞ ሞተር ብስክሌት እንዳትነካ፣ ጋንጋ ወንዝ ዳር ብቻህን እንዳትቀመጥ፤ ጓደኛ ይዘህ ቤት ግባ። ልብህ አለቅጥ ከመታ ወይም ሰው መለየት ካቃተህ ሆስፒታል ይውሰዱህ፣ ምን እንደጠጣህም ሳያፍሩ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድ ሙምባይ መጥቼ ከጎረቤት ጉጂያ ተማርኩ። ስጠብሰው ግን ይፈነዳል፣ ዘይቱም ይጠቁራል። ምን ላድርግ? *የልጅ ልጅ አሳዳጊ*

መልስ፦ እናቴ፣ ከሊጡ ይጀምሩ። ለግማሽ ኪሎ ነጭ የስንዴ ዱቄት ከ100 እስከ 125 ግራም ንጥር ቅቤ ቀልጦ ይግባና ደረቁን በመዳፍዎ ያሹት። ጭብጥ ሲያደርጉት ሳይፈርስ ቅርጽ ከያዘ ቅቤው በቅቶታል። ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ያድርጉ፤ ሊጡ ጠንከር ይበል፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈነዳው ሙሌቱ ነው። ኾያውን፣ ማለትም እስኪጠጥር የተነነውን ወተት፣ በቀስታ እሳት ቆላ አድርገው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ስኳር በትኩሱ ከገባ ይቀልጥና ውኃ ያወጣል፤ ያ ውኃ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ስኳር፣ ቆላ ያለ ሰሞሊና፣ ኮኮናት፣ ካሹ፣ ዘቢብና ሄል ይጨምሩ። ሰሞሊናው እርጥበቱን ይጠጣል።

ክቡን ሊጥ እንደ ሳምቡሳ በግማሽ ጨረቃ ሲያጥፉ ሙሌቱ ከአንድ ሾርባ ማንኪያ አይብለጥ። ጠርዙን በጣት ውኃ ያስነኩ፣ አየሩን ከመሐል ወደ ዳር ገፍተው ያስወጡ፣ ከዚያ ይጫኑት። ልምድ ያላቸው ሴቶች ጠርዙን በአውራ ጣት እየቆነጠጡና እያጠፉ እንደ ገመድ ይጎነጉኑታል፤ እርስዎ ሹሩባ የሠሩ እጅ ካለዎት አይቸግርዎትም። የፕላስቲክ ማተሚያውን አልወደውም፤ ቶሎ ይሠራል እንጂ ጠርዙን ያሳሳዋል።

ዘይቱ ሲግል አይቸኩሉ። ቁራጭ ሊጥ ሲጥሉ ወዲያው ዘሎ ከወጣ እሳቱ በዝቷል፤ ቆየት ብሎ በዝግታ ከተነሳ ልክ ነው። አንድ ዙር አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አንዱ ከተከፈተ ፈጥነው ያውጡት፣ ዘይቱንም ያጥሩት፤ ያጠቆረብዎ የተቃጠለው ስኳር ነው።

ኾያውን ከገበያ ከገዙ በበዓል ሰሞን ስታርች የተቀላቀለበት ስለሚበዛ ይፈትኑት። ጥቂቱን በውኃ አፍልተው ሲቀዘቅዝ ሁለት ሦስት ጠብታ አዮዲን ይጨምሩበት፤ ሰማያዊ ከሆነ ስታርች አለበት። ከቸገረዎት አንድ ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ወተት ሰፊ መጥበሻ ላይ እያማሰሉ ቢያተኑ ወደ 200 ግራም ያገኛሉ። ክንድ ያደክማል፣ ግን ምን እንደበሉ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ካንጂ ልሠራ ፈልጌ ጥቁር ካሮት አላገኘሁም። ወቅቱ አለፈ አሉኝ። *ከጃይፑር*

መልስ፦ ጥቁር ካሮት የክረምታቸው ነው፣ ሆሊ ሲደርስ እያለቀ ነው። ቀዩን ካሮት ተጠቀሚና አንድ ትንሽ ቀይ ሥር ጣል አድርጊበት፤ ቀለሙን ይሰጥሻል፣ ኮምጣጣነቱን ሰናፍጩና ፀሐዩ ይሠሩታል። በየቀኑ በደረቅ የእንጨት ማንኪያ አማስዪው።