ዝገቱን ሳይሆን ሞረዱን ፍሩ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል አሳልፌ፣ ጡረታ ወጥቼ ጅማ ከተቀመጥኩ ወዲህ ከወጣቶች የሚመጣብኝ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። እዚሁ ያላችሁት አያታችሁ ትተውት ያለፉትን ጠመንጃ ምንነት ማወቅ ትፈልጋላችሁ። አሜሪካ ያላችሁት ደግሞ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጣ አሮጌ የጦር መሣሪያ እዚያ ገበያ ላይ ስለዋለ፣ «የአገሬን ጠመንጃ ገዝቼ ላስቀምጥ» ብላችሁ ትነሱና «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ትሉኛላችሁ። ለየብቻ ስመልስ ከምደክም ለሁላችሁም በአንድ ላይ ጻፍኩት።

ሕጉን አስቀድሜ ተናግሬ ልለፍ። አገር ቤት ያላችሁ፣ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም መነገድም ክልክል ነው። «ያረጀ እኮ ነው፣ አይተኩስም» የምትሉትን ነገር ከተያዛችሁ በኋላ ሳይሆን እጃችሁ ሳይገባ በፊት ለፖሊስ ንገሩና የሚሏችሁን ስሙ። ታሪክ ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ውጭ ያለው የአጎት ልጅ «የአያታችንን ላኩልኝ» ቢል መልሱ አይሆንም ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል ሕጋችሁ ከ1899 በፊት የተሠራውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያየዋል። ሃምሳ ዓመት የሞላውንና የመጀመሪያ ቅርጹ ያልተለወጠውን ደግሞ ለሰብሳቢ በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ መግዛት ይቻላል። የየግዛቱ ሕግ ግን ስለሚለያይ የምትኖሩበትን አጣሩ። እዚህና ከዚህ በታች የጠመንጃ ዓመት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። ሁለት ጠመንጃ ጎን ለጎን ተቀምጧል እንበል። አንዱ ሰደፉ ያብረቀርቃል፣ ብረቱም እንደ አዲስ ጠቁሯል። ሌላው ግራጫ ነው፤ እዚህም እዚያም ቡናማ ዝገት ይታይበታል፣ የሰደፉ አንገት በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። የጀማሪ እጅ ሁልጊዜ ወደሚያብረቀርቀው ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን አንሱ እላለሁ። ዝገት በዘይትና በትዕግሥት ይቆማል፤ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት የበላው ግን አይመለስም። ፋብሪካው እንጨቱ ላይ የመታው ማህተም ጥልቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሻጩ ለማሳመር ብሎ አንድ ከሰዓት ሲፍቀው ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተረከበው፣ መቼ እንደታደሰ የሚናገረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የቀራችሁ የተቀባ እንጨት ነው።

ያ ጥሬ ቆዳም እንዲያው አልተጠመጠመም። ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እጅ የሚይዘው ቀጭኑ አንገቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ወደ ፋብሪካ አይልከው ነገር፣ ቆዳውን እርጥብ እንዳለ ይጠፍርበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሙጫና ብሎን ተጠቅመን ከጠገንናቸው የበለጠ የጸኑ እንዲህ ያሉ ሰደፎች አይቻለሁ። ሌላው የናስ ሚስማር እየደረደረ አስጊጦታል። የአንዳንዱ ሰደፍ ጨርሶ ተቀይሮ በአገር እንጨት ተሠርቷል። የአውሮፓ ሰደፍ በአብዛኛው ዋልነት ወይም ቢች ነው፤ ዋንዛ ሲሆን ግን በርጩማና ወንበር ሲጠረብ እያየ ያደገ የጅማ ልጅ በክብደቱና በእንጨቱ መስመር ይለየዋል። የውጭ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ብለው ዋጋ ሲጥሉበት አይቻለሁ፤ ለእናንተ ይኼ መልካም አጋጣሚ ነው። ቆዳውን ፈትታችሁ «ወደ ጥንቱ ልመልሰው» እንዳትሉ ብቻ።

ጠመንጃ ስትመርጡ ሥርዓት ያዙ። በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም፣ ከፊታችሁ ከፍቶ ቢያሳያችሁም፣ እጃችሁ ላይ ሲገባ እንደገና ክፈቱት። ቀጥላችሁ የብሎኖቹን ራስ እዩ። ጠርዛቸው የተበላ ከሆነ መፍቻ ያልገጠመው ሰው ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውስጡም እንደዚያው ይሆናል ብላችሁ ጠብቁ። ከዚያ መለያ ቁጥር። ማውዘር (ጀርመኖች ያወጡት የጠመንጃ ዓይነት) ከሆነ አካሉ፣ አፈሙዙና መዝጊያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የጣሊያኑ ጠመንጃ ካርካኖ ላይ በአብዛኛው መዝጊያው ቁጥር ስለማይመታበት አፈሙዙንና ሰደፉን አመሳክሩ። ቁጥሩ የማይገጥም መዝጊያ ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ የሚጎዳው ዋጋውን ነው። ለመተኮስ ከሆነ ግን ለፊታችሁ አደገኛ ነው፤ በመዝጊያውና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድና ጋዙ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል። ያንን በመለኪያ መሣሪያ (ጌጅ) የሚለካ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይተኩስበት።

የአፈሙዙን ውስጥ መጨረሻ ተዉት። ብዙዎች መጀመሪያ በባትሪ ያዩትና ጨለማ ስለሆነ ብቻ ሳይገዙ ይተዉታል። ጨለማ መሆኑ ችግር አይደለም፤ ጠመዝማዛው መስመር ጠርዙ ቆሞ ይታያል ወይ ነው ጥያቄው። የዚያ ዘመን ጥይት መቀጣጠያው ሲነድ ጨው ይተዋል፤ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያልታጠበ አፈሙዝ ከውስጥ እየተቦረቦረ የሚሄደው በዚህ ነው። ዘይት ብቻ ጨው አያሟሟም፤ እኛ በሙቅ ውኃ አጥበን፣ አድርቀን፣ ከዚያ ነበር ዘይት የምንቀባው። ከአፉ አጠገብ ያለው ጠርዝ ከተበላም በማጽጃ ዘንግ ብዛት ነው፤ ይህ የሚያሳየው ጥሩ ወታደር እጅ እንደነበረ ነው፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ አያቶቻችሁ ጠመንጃዎቹን ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ በልጅግ ሲሏቸው ሰምታችኋል። ጀማሪ ከሆናችሁ እኔ በጣሊያኑ ካርካኖ ጀምሩ እላለሁ። ሌሎች ባለሙያዎች በዚህ አይስማሙም፤ ካርካኖን እንደ ተራ ብረት የሚንቁት ብዙ ናቸው። በንቀታቸው ዋጋው ቀንሷል፤ ተማሪ ደግሞ መማር ያለበት ብዙና ርካሽ በሆነው ላይ ነው። የ1891 ሞዴል የሚባለው የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 6.5 ሚሊሜትር ነው። ረጅሙ እግረኛ ጠመንጃ አለ፤ ሳንጃው አፈሙዙ ላይ የሚታጠፍ አጭር የፈረሰኛ አለ፤ በ1938 የወጣው 7.35 አለ፤ ይኸኛው መለኪያ ብዙ ሳይቆይ ወደ 6.5 ተመልሷል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም፤ 7.35 የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ማነጣጠሪያው ላይ ተጽፎበታል። ካርካኖ ካዝናው የሚሠራው ስድስት ጥይት በሚይዝ የብረት ማቀፊያ ነው፤ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ማቀፊያው በሥር ይወድቃል። ስለዚህ ስትገዙ ማቀፊያውንም ጠይቁ፤ ያለሱ ግማሽ ጠመንጃ ነው የገዛችሁት።

ካርካኖ ላይ የማነበው ነገር አይሰለቸኝም። ተርኒ፣ ብሬሻ፣ ጋርዶኔ እያለ የተሠራበት ከተማ ተመትቷል። ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ከዓመቱ አጠገብ ሌላ የሮማ ቁጥር ይታያል፤ ፋሽስቶች ከ1922 ጀምሮ የቆጠሩት የራሳቸው ዘመን ነው። ዘመን ማመሳሰል ለእኛ ብርቅ ስላልሆነ ከማንም ቶሎ ትለምዱታላችሁ። ጅማ ደግሞ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ያደረጋት ነች፤ ከጣሊያን እጅ የወጣችውም ሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። በዚህ አካባቢ የተዋጉት እነ ገረሱ ዱኪና ሌሎች አርበኞች ከጠላት የማረኩትን ይዘው ነው ጠላትን የወጉት። ከጦርነቱም በኋላ ያው ብረት ገበሬ እጅ ገብቶ ዝንጀሮና ከርከሮ ከበቆሎው ሲያባርር ኖሯል። ለዚህ ነው የዚህ አገር ካርካኖ ሰደፉ እንደዚያ የሚሆነው።

በልጅግ፣ ማለትም በቤልጂየም ኤርስታል የተሠራው 7.92 ሚሊሜትር ማውዘር፣ ሥራው ከሁሉም ይበልጣል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር የተገዛ ስለሆነ፣ የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ሲገኝ ዋጋው ይሰቀላል። አስመሳይም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። ማህተሙን በማጉያ መነጽር እዩት፤ የአንበሳው ጠርዝ ውስጥ ያለው ብረት ከዙሪያው ጋር እኩል አርጅቷል ወይ? ዙሪያው የጠቆረና የተፋቀ ሆኖ የማህተሙ ጎድጓዳ ብቻ ንጹሕና ስለታም ከሆነ፣ ያ አንበሳ ትናንት ነው የተወለደው።

ውጅግራ የ1874 የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ 11 ሚሊሜትር፣ ባለ አንድ ጥይት፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋለ። ዕድሜው ራሱ ጥንታዊ ያደርገዋል፤ ጥይቱን ግን ማንም በመደዳ አይሸጥም፤ ለማየት ግዙት። የጣሊያኑ ቬተርሊ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ይህ ጥንት 10.4 ሚሊሜትር የነበረ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 6.5 እንዲተኩስ ተቀይሯል፤ አካሉ ለአዲሱ ባሩድ ግፊት አልተሠራም። «6.5 ነው፣ የካርካኖ ጥይት ይገባዋል» የሚላችሁን አትስሙት። ይገባዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። የእንግሊዙ ኤንፊልድና ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የ1953 የመከላከያ ስምምነት በኋላ በእርዳታ የመጡት የአሜሪካ ኤም ዋን ጠመንጃዎች ለመተኮስ የሚመቹ፣ ጥይታቸውም የሚገኝ ነው፤ ስለነሱ የተጻፈ ሞልቷልና እኔ አልደግመውም።

ስትገዙ የሻጩን ወሬ ጻፉ። ከማን ገዛው፣ የየት አገር ሰው ነበር፣ ሰደፉ ላይ የተቀረጸው ስም የማን ነው። ወሬው ግማሹ ውሸት ቢሆንም ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉት፤ ማጣራት የሚቻለው የተጻፈውን ነው። በአያታችሁ ጠመንጃ ላይ ደግሞ በሕይወት ያለ አዛውንት ካለ ድምፁን በስልካችሁ ቅዱ። ከዋጋው በፊት ይህን አድርጉ፤ «ስንት ያወጣል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ አዛውንቱ ሊሸጡት መጡ ብለው ዝም ይላሉ።

ማስቀመጡን በተመለከተ፣ ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ አዲስ አበባ ደረቅ ክፍል ውስጥ ዓመት የሚቆይ ዘይት እዚህ ክረምቱን አይዘልቅም። በቆዳ አፎት ውስጥ አታኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ጨው ብረት ይበላል። ግድግዳ አስደግፋችሁ አታቁሙት፤ አየር በሁለቱም ወገን ይለፍ። በእጃችሁ በነካችሁት ቁጥር ዘይት ባለው ጨርቅ ጥረጉት። እንጨቱ ከደረቀ የተልባ ዘይት በጣት ስሱ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ትርፉን ጥረጉ፤ ቫርኒሽ አታስጠጉበት። መዝጊያውን አውጥታችሁ ለብቻው ቆልፉበት። ጥይት ካላችሁ ደግሞ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቁልፍ።